የአምፕሊፋየር ጠባይ ጭነት ሲገናኝበት ለምን ይለወጣል?

ጥያቄ፦ በስፓይስ (የሰርኪዩትን ጠባይ በኮምፒዩተር በሚያሰላ ፕሮግራም) ሲሙሌሽን ጌይኑ 1 የሆነ፣ ማለትም መውጫው ከመግቢያው እኩል የሚሆን፣ የኦፕአምፕ (ኦፕሬሽናል አምፕሊፋየር) ሰርኪዩት እየነደፍኩ ነው። መውጫው ላይ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ብቻ ሳለ ውጤቱ ንጹሕ ነበር። የረጅም ኬብልን ጠባይ ለመወከል 10 ናኖፋራድ ካፓሲተር ስጨምርበት ግን ስኩዌር ዌቭ በገባ ቁጥር መውጫው ከልኩ አልፎ ይዘልና ከተወዛወዘ በኋላ ነው የሚረጋጋው። የሰርኪዩቱን ምላሽ በየፍሪኩዌንሲው የሚያሳየው የኤሲ ትንተና እስከ 20 ኪሎኸርዝ ድረስ ቀጥ ያለ መስመር ስለሚያሳይ ስሕተቱ የሲሙሌሽኑ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ካፓሲተሩን አውጥቼ ብቀጥል ችግር አለው?

መልስ፦ ካፓሲተሩን እንዳያወጡት አጥብቀን እንመክራለን፤ ሲሙሌሽኑ የነገረዎት እውነቱን ነው። የተለመደው ኮአክሲያል ኬብል በአንድ ሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ ስላለው፣ 10 ናኖፋራድ ማለት 100 ሜትር ያህል ኬብል ነው። ሰርኪዩትዎ እንዲህ ያለ ኬብል የሚነዳ ከሆነ ኬብሉን የሰርኪዩቱ አካል አድርገው ሊያስቡት ይገባል።

ማንኛውም ኦፕአምፕ የራሱ የመውጫ ሬዚስታንስ አለው። ይህ ሬዚስታንስ ከጭነቱ ካፓሲታንስ ጋር ሲጣመር ሎፓስ ፊልተር (ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲን የሚያዳክም) ይሆናል፤ ፊድባኩ የሚወሰደው ደግሞ ከፊልተሩ በኋላ ስለሆነ ወደ መግቢያው የሚመለሰው ሲግናል ዘግይቶ ይደርሳል። የመውጫ ሬዚስታንሱ 50 ኦም ነው ብንል የፊልተሩ መቁረጫ ፍሪኩዌንሲ 318 ኪሎኸርዝ ይሆናል። የኦፕአምፑ ጌይን ባንድዊድዝ (የራሱ ጌይን ወደ 1 የሚወርድበት ፍሪኩዌንሲ) 1 ሜጋኸርዝ ከሆነ፣ የፊድባክ ዙሩ ጌይን ወደ 1 የሚወርድበት ነጥብ ወደ 520 ኪሎኸርዝ ገደማ ዝቅ ይላል፤ እዚያ ላይ ፊልተሩ ብቻውን 59 ዲግሪ ያህል ፌዝ ያዘገያል። ስለዚህ በቀላሉ ስሌት 90 ዲግሪ የነበረው የፌዝ ማርጅን (ሰርኪዩቱ ያለማቋረጥ መወዛወዝ እስኪጀምር የሚቀረው የፌዝ መጠን) ወደ 31 ይወርዳል፣ መውጫውም ከልኩ በ40 በመቶ ገደማ አልፎ ይዘላል። እውነተኛ ኦፕአምፕ በውስጡ ተጨማሪ መዘግየት ስላለው የሚቀረው ማርጅን ከዚህም ያነሰ ነው።

የኤሲ ትንተናው ያላሳየዎት ያቆሙት 20 ኪሎኸርዝ ላይ ስለሆነ ነው። እስከ 10 ሜጋኸርዝ ድረስ ቢያራዝሙት 520 ኪሎኸርዝ አካባቢ 5 ዴሲቤል ያህል ከፍ ያለ ጉብታ ያገኛሉ። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነገር ነው፦ የኤሲ ትንተና ሰርኪዩቱን በኦፕሬቲንግ ፖይንቱ ዙሪያ ሊኒየር አድርጎ ስለሚያሰላ፣ ፈጽሞ ያልተረጋጋና ሲሠራ ኦሲሌት የሚያደርግ (በራሱ ያለማቋረጥ የሚወዛወዝ) ሰርኪዩት እንኳን ጤነኛ የሚመስል ግራፍ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ የመውጫውን ግራፍ ብቻ አይቶ መፍረድ አይበቃም፤ የፊድባክ ዙሩን ጌይንና ፌዝ ለይቶ መለካት ያስፈልጋል።

ሲግናሉን በጊዜ ሂደት በሚከታተለው የትራንዚየንት ትንተናም መጠንቀቅ ይገባል። የመግቢያ ሲግናሉ ትንሽ፣ ለምሳሌ 50 ሚሊቮልት ይሁን፤ ኦፕአምፑ በማይክሮሰከንድ 0.5 ቮልት ብቻ የሚራመድ ከሆነ የ5 ቮልት እርምጃ 10 ማይክሮሰከንድ ይፈጅና ውዝዋዜውን ይሸፍነዋል። የእርስዎ ሰርኪዩት አንዱን ውዝዋዜ በ1.85 ማይክሮሰከንድ ገደማ ስለሚጨርስ የሲሙሌሽኑን ትልቁን የጊዜ እርምጃ ከ50 ናኖሰከንድ አያስበልጡት። ጊር የሚባለው የስሌት ዘዴ ውዝዋዜን በራሱ የማዳከም ጠባይ ስላለው ለዚህ ዓይነት ምርመራ ትራፔዞይዳሉን ይምረጡ። የኦፕአምፑ ሞዴል የመውጫ ኢምፒዳንሱን (በየፍሪኩዌንሲው ያለውን ተቃውሞ) በትክክል መያዙንም ከዳታሺቱ ጋር ያመሳክሩ፤ ሞዴሉ መውጫውን ፍጹም አድርጎ ከወሰደው የምንናገረው ችግር በሲሙሌሽኑ ውስጥ ጨርሶ አይታይም።

መፍትሔው ቀላል ነው። በኦፕአምፑ መውጫና በካፓሲተሩ መካከል 20 ኦም ሬዚስተር ያስገቡ፤ ፊድባኩን ግን ከሬዚስተሩ በፊት ይውሰዱት። በላይኛው ምሳሌ የፌዝ ማርጅኑ ከ31 ወደ 56 ዲግሪ ገደማ ይመለሳል። ዋጋው በመውጫው ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ ነው፦ በ10 ኪሎኦም ጭነት 0.2 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ በ600 ኦም ጭነት ግን ከ3 በመቶ ያልፋል። ይህን ካደረጉ በኋላ ካፓሲተሩን ከ100 ፒኮፋራድ እስከ 100 ናኖፋራድ እየቀያየሩ ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ለድምፅ አምፕሊፋየር ሲሙሌሽን ስፒከሩን በ8 ኦም ሬዚስተር መተካት በቂ ነው?

መልስ፦ ኃይልንና ሙቀትን በግርድፉ ለመገመት ይበቃል፤ ስለ መረጋጋት ለመናገር ግን አይበቃም። 8 ኦም የሚለው ስያሜ ነው። ኢምፒዳንሱ በስፒከሩ ሬዞናንስ ላይ ብዙ እጥፍ ከፍ ይላል፣ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲም በስፒከሩ የሽቦ ጥቅልል ኢንዳክታንስ ምክንያት እንደገና ያድጋል፤ በመሆኑም የፊድባክ ዙሩ መረጋጋት በሚወሰንበት ክልል አምፕሊፋየሩ ስፒከሩን እንደ ሬዚስቲቭ ጭነት አያየውም። በብዙ አምፕሊፋየሮች መውጫ ላይ 10 ኦም ሬዚስተርና 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ተያይዘው ወደ ግራውንድ የሚገናኙት ለዚህ ነው፤ ከ159 ኪሎኸርዝ በላይ የታወቀ ጭነት ሆነው ያገለግላሉ። ሲሙሌሽንዎን ያለ ጭነት፣ በ8 ኦም፣ ከዚያም 8 ኦሙ ላይ 2 ማይክሮፋራድ በትይዩ ጨምረው ያካሂዱ፤ በሦስቱም ስኩዌር ዌቩ በፍጥነት ከተረጋጋ ወደ ሰርኪዩት ሰሌዳው ሥራ መሄድ ይችላሉ።