ሆድና ጎን ለብቻው ይሠራ ወይ ላልከው

ሰላም ወንድሜ። «ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት) እና ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም) የሚሠራ ሰው ሆዱንና ጎኑን ለብቻው መሥራት አለበት ወይስ ብረቱ ራሱ ይበቃዋል?» ብለህ ጠይቀሃል፤ አሰልጣኝህም «ወገብ ያወፍራል» ብሎ እንደከለከለህ ጽፈሃል። እኔ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ለዓመታት ብረት ያነሳሁ፣ አሁን ደግሞ ጀማሪዎችን የማሠለጥን ሰው ነኝ። መልሴ «አዎ፣ ለብቻው ይሠራ» ነው። አሠራሩ ግን ብዙ ቦታ እንደምናየው መሆን የለበትም።

ብረቱ ይበቃል የሚሉት ሰዎች ያለ ምክንያት አይናገሩም። ከባድ ክብደት ትከሻህ ላይ ሲያርፍ አየር ስበህ ሆድህን ታጠነክራለህ፤ ሆድ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊትም አከርካሪህን ደግፎ ይይዛል። በዚያን ጊዜ የፊቱም የጎኑም ጡንቻ ሥራ ላይ ነው። ይሁን እንጂ በስኳትና በዴድሊፍት ጊዜ ከወገብና ከሆድ ዙሪያ ጡንቻዎች መካከል ዋናውን ጫና የሚችሉት ከአከርካሪ ግራና ቀኝ ያሉት የጀርባ ጡንቻዎች ናቸው፤ የፊት ሆድ ድርሻው ያነሰ ነው። ጎን ደግሞ ብረቱ በሁለቱም ጫፍ እኩል ስለተጫነ፣ ወደ አንድ ወገን የሚጎትት ኃይልን እምብዛም አይለምድም። ብረት ከራስ በላይ ሲወጣ ነገሩ ይለወጣል፤ ወገብ ወደ ኋላ እንዳይለመጥ የሚይዘው የፊት ሆድ ነው። ድሮ በኦሎምፒክ የክብደት ማንሳት ውድድር ፕሬስ የሚባል፣ ብረትን ከትከሻ በክንድ ብቻ ከራስ በላይ የሚገፉበት ሦስተኛ የአነሳስ ዓይነት ነበር። ተወዳዳሪዎች እጅግ ወደ ኋላ እየተለመጡ ስለገፉ ዳኞች መዳኘት ቸገራቸው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1972ቱ የሙኒክ ኦሎምፒክ በኋላም ተሰረዘ።

ከምናሠለጥናቸው ልጆች አንዱ ከከባድ ስኳት ሲነሳ ዳሌው ሁልጊዜ ወደ ግራ ይሸሽ ነበር። ቁርጭምጭሚቱን አየን፣ የእግሩን አቋቋም አየን፣ ምንም አላገኘንም። ጀሪካን ውኃ ሞልተን በአንድ እጁ ይዞ እንዲራመድ አደረግን። በግራው ሲይዝ ቀጥ ብሎ ሄደ። ወደ ቀኝ እጁ ሲያዛውረው ትከሻው ወርዶ መላ አካሉ ወደ ቀኝ ተንጋደደ። ጀሪካኑን በቀኝ ስትይዝ ቀጥ አድርጎ የሚያቆምህ የግራ ጎንህ ስለሆነ፣ ድክመቱ የት እንዳለ ወዲያው ታየ። ከጥቂት ሳምንታት የጀሪካን ጉዞ በኋላ ስኳቱ ተስተካከለ። የዳሌ መሸሽ ሁሉ ከጎን ድካም ይመጣል ማለቴ አይደለም፤ ግን ስኳት ብቻ እየሠራ ያንን ድክመት ለረጅም ጊዜ ተሸክሞት ነበር።

ስለዚህ ጎንህን እንዳይታጠፍ አሠልጥነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በውኃ 20 ኪሎ ያህል ነው፤ ከደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ብትሞላው ከ30 ኪሎ ያልፋል። መያዣው እጅ ስለሚቆርጥ ጨርቅ ጠቅልልበት። 30 ወይም 40 ሜትር ቀስ ብለህ ሂድ፣ እጅ ቀይር። በጎን ፕላንክም (በጎን ተጋድሞ በአንድ ክንድና በእግር ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ) ጥሩ ነው። ለፊት ሆድ ብረት ላይ ተንጠልጥለህ እግር አንሳ፤ ዳሌህን ወደ ላይ ካልጠቀለልክ ግን የሚሠራው የጭንህ መነሻ ነው እንጂ ሆድህ አይደለም። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ ሁለት ሦስት ዙር ይበቃል። ሁልጊዜም ከዋናው ማንሳት በኋላ ይሁን፤ በደከመ ሆድ ከባድ ብረት ሥር መግባት አደጋ ነው።

በሁለት እጅ ዳምቤል (አጭር የእጅ ብረት) ይዞ ወደ ጎንና ወደ ጎን መታጠፍን ተወው። አንዱ ክብደት ሌላውን ስለሚያመዛዝነው ጎንህ የሚያገኘው ሥራ ትንሽ ነው።

የወገብ መወፈር ነገር፦ የጎን ጡንቻዎች ስስና ጠፍጣፋ ናቸው፤ በዚህ መጠን ብትሠራ ወገብህ አይሰፋም። የሆድ ስብ ደግሞ የምግብ ጉዳይ ነው፤ ሲት አፕ (በጀርባ ተኝቶ ብድግ ማለት) ለይቶ አያቃጥለውም። ብረት ሲነሳ ወገብ ላይ የሚታሰረው ቀበቶም የሆድ ሥራን አይተካም። ቀበቶው ሆድህ ገፍቶ የሚደገፍበት ግድግዳ ነው፣ ገፊው ግን አንተ ነህ። ቀለል ያሉትን ዙሮች ያለ ቀበቶ ሥራ። የደም ግፊት ካለብህ ትንፋሽ ይዘህ ከማንሳትህ በፊት ሐኪም አማክር።

ጀሪካኑን በሁለቱም እጅ ሞክረህ የትኛው ጎን ቀድሞ እንደሚሸነፍ ጻፍልኝ፤ ከዚያ ስለ መጠኑ እንነጋገራለን።