የማህፀን ምርመራ ፈራሁ፤ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 36 ነው፤ የምኖረው አዳማ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሁለቱንም ሆስፒታል ነው የወለድኩት። በቅርቡ ትንሹን ልጄን ላስከትብ ጤና ጣቢያ ስሄድ ሲስተሯ «የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ አድርገሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ስወልድ ታይቻለሁ» አልኳት። «እሱ አይቆጠርም» ብላ ቀጠሮ ሰጠችኝ። እኔ ግን ምንም አላመመኝም። ጎረቤቴ ደግሞ «ብረት ነው የሚያስገቡብሽ፤ አይቻልም» ብላ አስፈራራችኝ። አሜሪካ ያለችው እህቴ በየዓመቱ ትመረመራለች፤ «ምንም አይደለም» ትለኛለች። ወንድ ሐኪም ቢገጥመኝስ? ባለቤቴስ ምን ይላል? ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሂዱ። ሲስተሯ ልክ ናት። ግን ምን እንደሚደረግልዎ አውቀው ይሂዱ። ብዙ ሴቶችን የሚያስጨንቃቸው ምርመራው ራሱ ሳይሆን ምን ሊመጣ እንደሆነ ሳያውቁ አልጋው ላይ መውጣታቸው ነው።

መጀመሪያ «ታይቻለሁ» ያሉትን እናጥራ። እንደ እርስዎ የሚያስቡ እናቶች ብዙ ናቸው። ምጥ ላይ ሐኪሙ በጣቱ የሚያየው የማህፀን በር ስንት ሴንቲሜትር እንደተከፈተና ሕፃኑ የት እንደደረሰ ነው። ፈሳሽ በዝቶብዎ ወይም ሉፕ ሊያስገቡ ሄደው ሲታዩም የሚፈለገው ሌላ ነገር ነው። ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችል ለውጥ የሚገኘው ለዚሁ ተብሎ በሚሠራ ምርመራ ነው። ስለዚህ ወደፊትም አልጋ ላይ ከመውጣትዎ በፊት «አሁን የሚያዩልኝ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ መብትዎ ነው።

«ምንም አላመመኝም» ላሉት፣ ምርመራው የተዘጋጀው ላላመማቸው ሴቶች ነው። የማህፀን በር ካንሰር የሚመጣው በአብዛኛው ኤችፒቪ በሚባል ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ በጣም የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜም ሰውነት በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያጠፋዋል። ሳይጠፋ ከቆየ ግን በማህፀን በር ላይ ቀስ በቀስ ለውጥ ያመጣል። ያ ለውጥ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሴቲቱን ምንም አያማትም። ሕመምና መድማት ሲመጣ ብዙ ጊዜ በሽታው ርቆ ሄዷል። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ይህ ካንሰር መሆኑ በጣም ያሳዝነኛል፤ ቀድሞ ሊያዝ የሚችል በሽታ ነውና። ለዚህ ነው ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች እንዲመረመሩ የሚጠሩት። ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው እህቶች ደግሞ ለውጡ ስለሚፈጥንባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ከ25 ዓመት ጀምሮ እንዲመረመሩ ይመክራል።

የእህትዎን ነገር በተመለከተ፣ እሷም በየዓመቱ የሚደረግላት ምን እንደሆነ ብትጠይቅ ጥሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ምንም ምልክት ለሌላት ሴት በየዓመቱ ማህፀንን በእጅ መዳሰስ ጥቅሙ አከራካሪ ሆኗል። የአገሪቱ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. አያስፈልግም ብሏል። የካንሰር ምርመራው ግን ሌላ ነው፤ እሱን አይዝለሉ ይባላል። ያውም በየዓመቱ ሳይሆን፣ እንደ ምርመራው ዓይነት በየ3 ወይም በየ5 ዓመቱ ነው። እግረ መንገዴን፣ እዚያ ያላችሁ እህቶች ቋንቋው ካስቸገራችሁ ሆስፒታሉ በነፃ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲያቀርብላችሁ ጠይቁ። ልጃችሁን አታስተርጉሙ።

አሁን ወደሚያስፈራዎ ነገር ልምጣ። ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ጥያቄ ይጠየቃሉ፦ የመጨረሻ የወር አበባ መቼ ነበር፣ ስንት ወለዱ፣ እርግዝና ይኖር ይሆን፣ ከግንኙነት በኋላ ይደማሉ ወይ። ሳያፍሩ በትክክል ይመልሱ። ከዚያ ሽንትዎን ሸንተው እንዲመጡ ይነገርዎታል፤ ፊኛ ሲሞላ ምርመራው ይበልጥ ይጨንቃል። የውስጥ ሱሪዎን ያወልቃሉ፤ ከወገብ በታች አንሶላ ይለብሳሉ። ቀሚስ ለብሰው ከሄዱ ደግሞ ይቀልዎታል፤ ወደ ላይ መሰብሰብ ብቻ ነው።

አልጋው ላይ በጀርባዎ ይተኛሉ። መቀመጫዎን ወደ አልጋው ጫፍ ያስጠጋሉ፤ ጉልበትዎን አጥፈው ወደ ጎንና ጎን ይለቃሉ። ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው። ብዙ ሴቶች እዚህ ጋ ጭናቸውን ግጥም ያደርጋሉ፤ «ሳልዘጋጅ ነው የመጣሁት» ብለው ስለ ፀጉራቸው ይቅርታ የሚጠይቁም አሉ። መላጨት አያስፈልግም። ሐኪሙ ፀጉር አይቶ የሚገረምበት ምንም ምክንያት የለም።

ጎረቤትዎ «ብረት» ያለችው ስፔኩለም ይባላል። የዳክዬ አፍ የሚመስል መሣሪያ ነው፤ የብረትም የፕላስቲክም አለ። ዝግ ሆኖ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ቀስ ብሎ ይከፈትና የማህፀን በር ይታያል። መጠኑ የተለያየ ነው፤ «እባክዎ ትንሹን» ማለት ይችላሉ። በሞቀ ውሃ ወይም በጄል ሲረጥብ በደንብ ይገባል። ከአንዷ ወደ ሌላዋ በሽታ ያስተላልፋል የሚል ስጋት ካለዎ፣ የተቀቀለ ወይም አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት መሆኑን ይጠይቁ። ማህፀን ያሰፋል፣ መካን ያደርጋል የሚባለው ግን ውሸት ነው።

ምንም አይሰማዎትም ብዬ አልዋሽዎትም። ጫና ይሰማዎታል፤ አንዳንዴ የወር አበባ ቁርጠት ዓይነት ነገር ይኖራል። የሚያስጮህ ሕመም ግን ሊኖር አይገባም። መቀመጫዎን ወደ ላይ ሲያነሱና ትንፋሽ ሲይዙ ጡንቻው ይጠብቃል፤ ያኔ ነው የሚያመው። መቀመጫዎን አልጋው ላይ ጣል አድርገው በአፍዎ ረዘም አድርገው ይተንፍሱ። ካመመዎ «ይቁም» ይበሉ። ሲባል ማቆም ግዴታ ነው፤ «ቻይው» ብሎ መቀጠል ሕክምና አይደለም። የተገረዙ ከሆነ፣ በተለይ የተሰፋ ካለ፣ ወይም ተገደው ተደፍረው የሚያውቁ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ዝርዝሩን መተረክ አይጠበቅብዎትም፤ «ይህ ምርመራ ይከብደኛል» ማለት ብቻ ይበቃል። ባለሙያው ጊዜ ወስዶ፣ እያንዳንዱን ነገር ከመንካቱ በፊት እየነገረዎ ይሠራል።

ጤና ጣቢያ የሚደረግልዎ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም እንደ ኮምጣጤ ያለ ፈሳሽ፣ በጥጥ የማህፀን በር ላይ መቀባት ነው። ቀዝቀዝ ይላል፤ ትንሽ ሊያቃጥል ይችላል። አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ለውጥ ያለበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ውጤቱን እዚያው ይሰማሉ። ሌሎች ተቋማት ደግሞ የኤችፒቪ ናሙና ይወስዳሉ፤ ይህኛውን ናሙና ራስዎ በጥጥ ዘንግ መውሰድ የሚቻልበት ቦታም አለ። አንዳንዴ ሐኪሙ ሁለት ጣቱን በጓንት አስገብቶ በሌላ እጁ ሆድዎን ከታች ይጫናል። ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን ዕጢ) ወይም የዕንቁላል ዕጢ እብጠት ካለ የሚፈልገው እንዲህ ነው። ለካንሰሩ ምርመራ ግን ግዴታ አይደለም፤ ለምን እንደሚደረግልዎ ይጠይቁ።

ሴት ባለሙያ ከፈለጉ ካርድ ሲያወጡ ይናገሩ። ብዙ ጤና ጣቢያ ውስጥ ይህን የሚሠሩት ሲስተሮችና አዋላጆች ስለሆኑ የማግኘት ዕድልዎ ሰፊ ነው። ወንድ ከሆነም አንዲት ሲስተር አብራ እንድትገባ ይጠይቁ። እህትዎን ወይም ጓደኛዎን ይዘው መግባትም ይችላሉ።

ውጤቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ፖዘቲቭ» የሚል ቃል ሰምተው ኤችአይቪ ተገኘብኝ ብለው የሚደነግጡ እህቶች አሉ። እሱ አይደለም። ካንሰር ማለትም አይደለም። ክትትል ወይም ትንሽ ሕክምና የሚፈልግ ምልክት ታየ ማለት ነው። ብዙ ጊዜም በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል፤ ማህፀን አይወጣም፣ አልጋም አያስይዝም። ሌላው ደግሞ ትዳር ውስጥ የሚገባው ጥርጣሬ ነው። ኤችፒቪ ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል ማን ከማን፣ መቼ እንደያዘው ማወቅ አይቻልም። እባክዎ በዚህ ውጤት ተነስቶ ማንም ማንንም አይክሰስ። ለባለቤትዎ መንገርዎ ጥሩ ነው፤ ድጋፍም ይሆንልዎታል። ለመመርመር ግን የእሳቸው ፈቃድ አያስፈልግም።

ለመዘጋጀት የሚያስቸግር ነገር የለም። የወር አበባ ላይ ከሆኑ ቀጠሮውን ያዛውሩ። ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ግንኙነት አያድርጉ፤ ወደ ውስጥ የሚገባ መድኃኒትም አይጠቀሙ። ከሁሉ በላይ ሎሚ፣ ጨው ወይም ዴቶል ወደ ውስጥ አያስገቡ። ይህን ለምርመራ ቀን ብቻ አይደለም የምለው፤ በሌላም ጊዜ ጉዳት ነው። ውጪውን በውሃ መታጠብ ይበቃል።

ይህን የምታነቡ ሌሎች እህቶች፣ ከግንኙነት በኋላ መድማት፣ ከማረጥ በኋላ ደም ማየት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም የማይለቅ የታችኛው ሆድ ሕመም ካላችሁ ዕድሜ ሳትቆጥሩ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ታዩ። ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ የኤችፒቪ ክትባት በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ እየተሰጠ ስለሆነ በትምህርት ቤቷ ወይም በጤና ጣቢያ ጠይቁላት።

እርስዎ፣ ከምርመራው በኋላ የዚያኑ ቀን ወደ ሥራዎ መመለስ ይችላሉ። ጠብታ ደም ቢያዩ አይደንግጡ፤ ፓድ ይዘው ይሂዱ። ሕክምና ከተደረገልዎ ለጥቂት ሳምንታት ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይኖራል፤ ለአንድ ወር ያህልም ከግንኙነት ይታቀባሉ። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ወይም ብዙ ደም ከመጣ ወዲያው ይመለሱ። ውጤቱ ደህና ከሆነም ነገሩ በዚህ አያበቃም። በአሴቲክ አሲድ ለሚሠራው የዓለም ጤና ድርጅት በየ3 ዓመቱ እንዲደገም ይመክራል፤ በኤችፒቪ ናሙና የሚሠራው ደግሞ በየ5 እስከ 10 ዓመቱ ይደገማል። የሚቀጥለው ቀን ካርድዎ ላይ ሳይጻፍልዎ ከክፍሉ አይውጡ።