ቤቱ ይቆይ፣ ሥራውን ቀይሪ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ያናደደኝ የወንድምሽ ጭቅጭቅ ነው። በደወለ ቁጥር «ከአገርሽ ልጆች ጋር እየዋልሽ እንግሊዝኛ የምትለምጂው መቼ ነው?» ይልሻል። ትምህርቱን ከጀመርሽ መንፈቅ አልፎሻል። ከሦስት የአገርሽ ልጆች ጋር ቤት ተጋርተሻል፤ ማታ ማታ ምግብ ቤት ሰሃን ታጥቢያለሽ። አይኤልትስ በተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የንግግር ውጤትሽ 5.5 ላይ ቆሟል፤ ዩኒቨርሲቲው የሚፈልገው 6.5 ነው። ወንድምሽ ደግሞ ኪራዩ እጥፍ ወደሆነ የአገሬው ቤተሰብ ቤት ሊያስገባሽ ያስባል።

አትግቢ። የትምህርት ቤት ስለከፈለ ብቻ ጓደኛሽን መምረጥ የሱ ፋንታ አይሆንም። አከራይ ቤተሰብ እኮ አስተማሪ አይደለም። ራት ላይ «ቀኑ እንዴት ነበር?» «ደህና ነበር» ትባባላላችሁ። ከዚያ እነሱ ወደ ቴሌቪዥናቸው፣ አንቺ ወደ ክፍልሽ። ለዚህ ነው እጥፍ የሚከፈለው? ስትታመሚ ሐኪም ቤት ይዘውሽ የሚሮጡት አብረውሽ ያሉት ልጆች ናቸው። ሆድ የባሰው ሰው ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ አፉ አይፈታም።

ከባለቋንቋዎቹ ጋር መዋል ብቻውን እንደማይበቃም የታየ ነገር ነው። ሪቻርድ ሽሚት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው ጥናት አለ። ሃዋይ ይኖር የነበረ አንድ ጃፓናዊ ሠዓሊን ሦስት ዓመት ያህል ተከታተለው። ሰውዬው ተግባቢ ነው፤ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጋር ይውላል፤ ለጨዋታማ ማን ብሎት! ሰዋስዉ ግን እምብዛም ፈቀቅ አላለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሥራሽ ነው። በሰሃን ማጠቢያው ማሽን ጩኸት ውስጥ «ከኋላሽ ነኝ»፣ «ይሞቃል»፣ «ቶሎ በይ» ከሚሉት ሌላ ምን ትሰሚያለሽ? አጠገብሽ የሚያጥበውም የአገርሽ ልጅ ነው ብለሻል። ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ውለሽ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትናገሪ ትወጫለሽ።

የእኔን አፍ የፈታው የሆቴል እንግዳ መቀበያ ነው። እንግዳው ሌሊት ይደውልና ሙቅ ውሃ የለም ይላል። የተቆጣ ሰው ደግሞ ሲያወራ አይደረስበትም። ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፣ የክፍሉን ቁጥር ታጣሪያለሽ፣ ለጥገና ሠራተኛው ታስረጃለሽ፣ መልሰሽ ደውለሽ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል ትያለሽ። ካልገባሽ «ይድገሙልኝ» ነው እንጂ ራስ ነቅንቆ ማለፍ የለም፤ ሰውዬው ውሃውን ይፈልጋል! በአንድ ጥሪ ብቻ ለአራት ጉዳይ ታወሪያለሽ።

መቀበያ ላይ ወዲያው ላያስቀምጡሽ ይችላሉ። ካፌ መስተንግዶ ወይም የሱፐርማርኬት ካሸርነትም ይሆናል። ክፍያው ትንሽ ቢያንስም ግቢበት። ቪዛሽ የሚፈቅደውን የሥራ ሰዓት ግን አትለፊ። እንደየአገሩ ይለያያል፤ አውስትራሊያ በትምህርት ወቅት በሁለት ሳምንት 48 ሰዓት ስትፈቅድ፣ የእንግሊዝ የአጭር ጊዜ የቋንቋ ቪዛ ጭራሽ ሥራ አይፈቅድም።

ቤት ውስጥ «እንግሊዝኛ ብቻ» የሚል ሕግ አታውጡ። በማግስቱ ሁሉም ዝም ይላል። ይልቅ የአይኤልትስ የንግግር ፈተናውን ሁለተኛ ክፍል አብራችሁ ተለማመዱ፦ ርዕስ ማውጣት፣ 1 ደቂቃ መዘጋጀት፣ እስከ 2 ደቂቃ መናገር፣ በስልክ መቅዳት። ቅጂውን ስትሰሙ የአገርሽ ልጅ ስህተትሽን ቶሎ ይይዘዋል፤ እሱም የሚሳሳተው እዚያው ላይ ነዋ።

ስለ አክሰንትሽ አትጨነቂ፤ ፈታኙ የሚፈልገው ንግግርሽ በግልጽ እንዲሰማው ነው። ቶፍል ወደተባለው ሌላ የእንግሊዝኛ ፈተና ልቀይር ወይ ላልሽው፣ እዚያ የምትናገሪው ለማይክሮፎን ነው። ሰው ፊት ይቀለኛል ካልሽ አይኤልትስ ላይ ቆዪ። ለሚቀጥለው ወር ፈተና ግን አትመዝገቢ፤ አዲሱ ሥራ ላይ ሁለት ሦስት ወር ቆይተሽ ይሻላል።

ወንድምሽ ሲደውል ሐሳብሽን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪው። ለኪራይ ሊጨምር ያሰበው ብር ካለ፣ ሥራ እስክትቀይሪ የሚጎድልሽን ይሸፍንልሽ።