ኮይልኦቨር ከመግዛትህ በፊት፦ የዘወትር መኪናን ለእሽቅድምድም ሜዳ ስለማዘጋጀት ጥያቄና መልስ

በዋሽንግተንና አካባቢዋ የምንኖር መኪና ወዳጆች ሲመቸን ወደ ዌስት ቨርጂኒያው ሰሚት ፖይንት እንሄዳለን። ዋናው ሜዳ 3.2 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 10 ኩርባዎች አሉት። የምንሄደው ለውድድር አይደለም። ሰው የዘወትር መኪናውን ይዞ፣ ከፍሎና ተመርምሮ፣ ጀማሪ ከሆነም አስተማሪ አጠገቡ አስቀምጦ በተዘጋ መንገድ ላይ የሚነዳበት ቀን ነው። ጋራዥ ውስጥ ያደግሁ ሰው በመሆኔ ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል። ከዚህም ከሌላ አገርም የደረሱኝን ሰብስቤ እነሆ እመልሳለሁ። ጠያቂዎቹ ስለ ሞላና ሾክ አብዞርበር ነው የሚጠይቁት፤ እኔ ግን በየመልሱ ወደ ጎማ እየመለስኩ አስቸግራቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ጋሼ፣ ቶዮታ ጂአር86 ገዛሁ። በቅርቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ እገባለሁ። ሦስት ሺህ ዶላር መድቤያለሁ፤ የትኛውን ኮይልኦቨር (ከፍታው የሚስተካከል የሞላና ሾክ አብዞርበር ስብስብ) ልግዛ?

መልስ፦ አሁን ምንም ኮይልኦቨር አትግዛ። መኪናህ ከፋብሪካ ሲወጣ ከአንተ በላይ ያውቃል፤ ይህን ስል ልሰድብህ አይደለም።

መጀመሪያ የፍሬን ዘይትህን ቀይር። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ውሃ ሲገባበት የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። በሰሚት ፖይንት ረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ ደጋግመህ ፍሬን ስትይዝ ያረጀ ዘይት ይፈላል፤ አረፋ ደግሞ ይታመቃል፤ እግርህም እስከ ወለሉ ይገባል። ለእሽቅድምድም የተሠሩት ዘይቶች አዲስ ሲሆኑ ከ300 ዲግሪ በላይ ይችላሉ፤ ዋጋቸውም ከአንድ ጎማ ያነሰ ነው። ስሙ ተመሳስሎብህ ዶት 5 እንዳትገዛ፤ እሱ ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም።

ቀጥሎ ሙቀት የሚችል የፍሬን ሸራ፣ ከዚያ ጥሩ ጎማ። ከዚያ በኋላ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቋም ማስተካከል። የአንተ መኪና የፊት ጎማዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው ማለት ይቻላል። መኪናው ኩርባ ላይ ሲያጋድል በውጭ በኩል ያለው ጎማ አብሮ ወደ ውጭ ያዘነብልና በጠርዙ ብቻ ይቆማል። ለዚህ ነው ጎማውን አስቀድሞ ከላይ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል የምናደርገው፤ ካምበር የሚባለው ይህ ነው። በርካሽ ዋጋ የሚሸጡት የካምበር ብሎኖች ከአንድ ዲግሪ በላይ ይሰጡሃል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። በኋላ ፍጥነትህ ሲጨምር ከ2.5 እስከ 3 ዲግሪ የሚያደርስ የሾክ አብዞርበር የላይኛ መያዣ ትፈልጋለህ።

ከሦስት ሺሁ ዶላር የሚተርፈውን ለሜዳ ክፍያና ለአስተማሪ አውለው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የምነዳው ቪትዝ ነው። ጓደኞቼ ሞላው ሲቆረጥ መኪናው ዝቅ ይልና መንገድ ቆንጥጦ ይይዛል ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ዝቅ ማለቱ እውነት ነው። ሌላውን ላስረዳህ።

የተቆረጠ ሞላ ይጠነክራል፤ ቀለበቶቹ ስላነሱ ማለት ነው። ሾክ አብዞርበሩ ግን ለድሮው ሞላ ተለክቶ የተሠራ ስለሆነ አዲሱን ጉልበት መቆጣጠር አይችልም። መኪናው ይዘላል፤ እየዘለለ ያለ ጎማ ደግሞ ምንም አይቆነጥጥም። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድም ያጠረው ሞላ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል።

ከዚህ የባሰው የማይታየው ነው። እያንዳንዱ መኪና ሲያጋድል የሚዞርበት ነጥብ አለው። መኪናው የሚያጋድልበት ጉልበት የሚወሰነው የክብደቱ ማዕከል ከዚያ ነጥብ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደተቀመጠ ነው። የቪትዝ የፊት እግር ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው፤ በዚህ ዓይነት እግር ላይ መኪናውን ብዙ ስታወርደው ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ ከአግድም አልፎ ወደ ላይ ይጠቁማል፤ ያ ነጥብም ከመኪናው አካል ፈጥኖ ይወርዳል። ርቀቱ ሰፋ ማለት ነው። ስለዚህ ዝቅ ያደረግኸው መኪና ከድሮው የበለጠ ሊያጋድል ይፈልጋል፤ የሚይዘው የሞላው ጥንካሬና መጨረሻው ላይ የምትነካው የላስቲክ ማቆሚያ ብቻ ነው። ማቆሚያዋን ኩርባ መሃል ላይ ስትነካ የፊት ጎማው በድንገት ይሸሻል።

በዚያ ላይ የአዲስ አበባ መንገድ አለ። የፍጥነት መገደቢያውንና ክረምት የቆፈረውን አስፋልት በተቆረጠ ሞላ ማለፍ የዘይት ቋትን ለመብሳት መሞከር ነው። ገንዘብህን ለአዲስ ሾክ አብዞርበር፣ ለአዲስ ጎሚኒ (የእግሩ መገጣጠሚያ ላስቲክ) እና ለደህና ጎማ አውለው። ብዙ ያገለገለ ቪትዝ እነዚህ ሲታደሱለት ሌላ መኪና ነው የሚመስለው፤ ከፍታውም አይነካም።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ወንድሜ፣ ሆንዳ ሲቪክ ኤስአይ አለኝ። መሪውን ባዞርም ፊቱ ወደ ውጭ ይሸሻል። የኋላውን ስታቢላይዘር ባር (ግራና ቀኝ እግሩን አያይዞ ማጋደልን የሚቀንሰውን ብረት) አወፍረው የሚል ምክር ተሰጠኝ። ትስማማለህ?

መልስ፦ እስማማ ይሆናል። መጀመሪያ ግን የት ላይ እንደሚሸሽ ንገሪኝ። ኩርባው ሲጀምር ከሆነ ፍሬኑን በአንድ ጊዜ ለቅቀሽ ይሆናል፤ ክብደቱ ከፊት ጎማዎች ላይ ተነሣ ማለት ነው። ቀስ እያልሽ ልቀቂው። ኩርባውን ስትወጪ ከሆነ ነዳጅ ቀድመሽ ሰጥተሻል፤ የፊት ጎማ መሪም ሞተርም በአንድ ጊዜ መሸከም ይሳነዋል። ለእነዚህ ሁለቱ መድኃኒቱ እግርሽ ላይ ነው። መሃል ላይ፣ ነዳጁም ፍሬኑም ጸጥ ባሉበት ጊዜ ከሆነ ግን ነገሩ የመኪናው ነው።

አሁን ወደ ባሩ እንምጣ። ብዙ ሰው ባር ሲያወፍር ክብደት ወደ ውጭ መተላለፉን የሚያስቀር ይመስለዋል፤ አያስቀርም። 1,270 ኪሎ የሚመዝን፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 46 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል 1.52 ሜትር ያለው መኪና እንውሰድ። ኩርባ ላይ የመሬት ስበትን ያህል ኃይል ወደ ጎን ሲጎትተው 380 ኪሎ ገደማ ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጭ ይሻገራል። ሞላሽ ለስላሳም ይሁን ድንጋይ ቁጥሩ ያው ነው ማለት ይቻላል። ባሩ የሚወስነው ከዚያ 380 ኪሎ ውስጥ ምን ያህሉ በፊት፣ ምን ያህሉ በኋላ እንደሚሻገር ነው።

ጎማ ደግሞ የተጫነበትን ያህል አይመልስም፤ የተጫነበት ክብደት እጥፍ ሲሆን የመቆንጠጥ አቅሙ እጥፍ አይሆንም። ስለዚህ ከግራና ከቀኝ ጎማ አንዱ በጣም ሲጫንና ሌላው ሲቀልል ሁለቱ አንድ ላይ የሚይዙት ይቀንሳል። የኋላውን ባር ስታወፍሪ ይህን ኪሳራ ከፊት ወደ ኋላ ታሻግሪያለሽ፤ ፊቱ ያተርፋል፣ ኋላው ይከስራል። ፊቱ ለሚሸሽ፣ በፊት ጎማ ለሚነዳ መኪና የምንፈልገውም ይህንኑ ነው።

ነገር ግን ልኩን ጠብቂ። የባር ጥንካሬ የሚያድገው በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ነው። ከ20 ሚሊ ሜትር ወደ 22 ስትሄጂ ለዓይን ምንም አይደለም፤ ጥንካሬው ግን በ46 በመቶ ይጨምራል። ወደ 24 ብትሄጂ ከእጥፍ ያልፋል። ባሩ በጣም ወፍሮ ዝናብ በዘነበ ቀን ኩርባ መሃል እግርሽን ከነዳጅ ላይ ብታነሺ ኋላው ቀድሞሽ ይሄዳል። ከፍ ዝቅ ማድረግ የሚቻልበት ቀዳዳ ያለውን ግዢና ከለስላሳው ጀምሪ።

ይህን ሁሉ ከማድረግሽ በፊት አንድ ርካሽ መሣሪያ ላስተዋውቅሽ፦ ጎማ ውስጥ የሚወጋ የሙቀት መለኪያ። ከሜዳው እንደወጣሽ ወዲያው የጎማውን ውስጠኛ፣ መካከለኛና ውጫዊ ክፍል ለኪ። መሃሉ ከሁለቱ ጠርዞች ከጋለ ነፋሱ በዝቷል። ሁለቱ ጠርዞች ከመሃሉ ከጋሉ ነፋሱ አንሷል። ውጫዊው ጠርዝ ብቻ ከጋለ ካምበር ያንሰዋል፤ የአንቺ ሲቪክም ይህንኑ እንደሚል እገምታለሁ። ያኔ ባሩን ትተሽ መጀመሪያ ካምበሩን አስተካክይ።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ እዚህ ሙቀቱ ከባድ ነው። የጎማ ነፋስ ስንት ላድርግ?

መልስ፦ ጠዋት ላይ የምትሞላው ቁጥር ብዙም አይነግርህም፤ ሥራ ላይ ያለው የሞቀው ጎማ ነው። ሙቀቱ በ5.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ነፋሱ በ1 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። ጥቂት ዙር ከነዳህ በኋላ ግባና ለካ፤ ከምትፈልገው በላይ የሆነውን አስተንፍስ። አራቱንም ሲሞቁ ለካቸው፤ ብዙ ቀኝ ኩርባ ባለበት ሜዳ የግራዎቹ ጎማዎች ይበልጥ ይግላሉ። ማታ ወደ ቤት ስትመለስ መልሰህ መሙላትህን እንዳትረሳ፤ የቀዘቀዘ ጎማ ካሰብከው በታች ወርዶ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ ኑርበርግሪንግ ላይ ልነዳ ነው። ኮይልኦቨሩን ወደ መጨረሻው ጥንካሬ ልጨምረው?

መልስ፦ በፍጹም! የኑርበርግሪንጉ ረጅም ሜዳ ኖርድሽላይፈ እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተ፣ 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የተራራ መንገድ ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጎረብጣል። ካሩሰል የሚባለው ጎድጎድ ያለ የሲሚንቶ ኩርባ ውስጥ ስትገባ መኪናው ወደ ታች ይጫናል፤ ሞላው የሚወርድበት ቦታ ያስፈልገዋል። ለለስላሳ አስፋልት የተጠነከረ መኪና እዚያ ሲደርስ ጎማው ከመሬት ጋር ሳይሆን ከአየር ጋር ይውላል። ለስለስ አድርገው፣ ከፍታውንም ትንሽ ጨምርለት።

ደግሞም ሜዳው ለሕዝብ ክፍት በሆነበት ሰዓት የሚሠራው የጀርመን የመንገድ ሕግ ነው፤ መቅደም በግራ ብቻ፣ ሰዓት መያዝም ክልክል ነው። ኢንሹራንስህ ይህን ቦታ ይሸፍን እንደሆነ ከመሄድህ በፊት ውሉን አንብብ። የገጨኸው የብረት መከላከያ ሒሳብ ለአንተው ነው የሚመጣው።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ጎሚኒዎቹን በፖሊዩረቴን ልቀይር?

መልስ፦ ያረጁ ከሆነ ቀይር፤ ግን መጀመሪያ አዲስ የፋብሪካ ላስቲክ ሞክር። ፖሊዩረቴን መሪውን ያነቃዋል፤ ቅባት ሲደርቅበት ደግሞ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል። በሁሉም አቅጣጫ መጠምዘዝ ያለበት ቦታ ላይ ከገባ እንቅስቃሴውን ያንቃል፤ እዚያ ላስቲኩ ይቆይ።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ሾክ አብዞርበሬ 32 ጠቅታ ያለው ማስተካከያ አለው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከሁሉም ለስላሳ ከሆነው። አንድ ቁልፍ ብቻ ያላቸው ሾክ አብዞርበሮች ብዙውን ጊዜ በዋናነት የሚቆጣጠሩት የተጨመቀው ሞላ መልሶ የሚዘረጋበትን ፍጥነት ነው። ሲለሰልስ መኪናው ጉብታ ካለፈ በኋላ ይንሳፈፋል። በአራቱም ጎማ ላይ ሁለት ሁለት ጠቅታ እየጨመርህ ንዳ። መንሳፈፉ ቆሞ አንድ ጊዜ ተነሥቶ የሚቀመጥበት ደረጃ ላይ ስትደርስ አቁም። ከዚያ አልፈህ ስትሄድ መጀመሪያ መኪናው የፈጠነ ይመስልሃል፤ መሪው ይነቃል፣ ሁሉ ነገር ይጠብቃል፤ ሰዓቱ ግን አይቀንስም። ይብስ ብሎ ጎማው ተከታታይ ጉብታዎች ላይ ሳይዘረጋ እየተጠለፈ ይቀራል።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፣ ጻፈውም። ባርና ነፋስ ጠቅታም በአንድ ቀን የለወጠ ሰው ምን እንደረዳው በፍጹም አያውቅም።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ፣ ከአንድ አባት)፦ ልጄ በኔ መኪና ወደዚህ ነገር ሊሄድ ነው። እናቱ እንቅልፍ አጥታለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከአውራ ጎዳና ላይ እሽቅድምድም ጋር ሲተያይ እጅግ የተሻለ እንደሆነ ይንገሯት፤ ፊት ለፊት የሚመጣ መኪና የለም፣ እግረኛ የለም፣ ባንዲራ የያዙ ሰዎች በየኩርባው ቆመዋል፣ አምቡላንስም አለ። አደጋ የለውም ግን አይበሏት። የራስ ቁሩ ስኔል ኤስኤ የሚል ምልክት ያለው ይሁን፤ ኤም የሚለው ለሞተር ሳይክል ነው፣ የእሳት ፈተና አላለፈም። መኪናው የእርስዎ ስለሆነ ኢንሹራንሱን ይመልከቱ፤ ብዙ ውሎች ይህን አይሸፍኑም፣ ለአንድ ቀን ብቻ የሚገዛ ዋስትና ግን አለ። ከተቻለ አብረውት ይሂዱ፤ አስተማሪው አጠገቡ ሲቀመጥ ሲያዩ እርስዎም መመዝገብ ይፈልጉ ይሆናል።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ያው የጂአር86 ባለቤት)፦ እሺ ጋሼ፣ ኮይልኦቨሩን ተውኩት። ግን 3 ዲግሪ ካምበር ካደረግሁ በዘወትር መንገድ ጎማዬን አይበላብኝም?

መልስ፦ ካምበሩ ውስጠኛውን ጠርዝ ትንሽ ይበላል፤ ሥራ የሚሄድበት ሰው ይታገሠዋል። ጎማ በላተኛው ሌላ ነው፦ የጎማዎቹ ፊት ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ሲከፈት። የፊቶቹ ትንሽ ወደ ውጭ ሲከፈቱ መኪናው ኩርባ ሲጀምር ይፈጥናል፤ በቀጥታ መንገድ ግን ጎማው ቀኑን ሙሉ እየተፋቀ ይውላል። አላይመንት ሠሪውን የፊቱን ዜሮ፣ የኋላውን ደግሞ ለጸጥታው ጥቂት ወደ ውስጥ እንዲያደርግልህ ንገረው። ካምበር ሲነካ ይህም አብሮ ስለሚለወጥ ሁለቱንም በአንድ ቀን ያስተካክል።

ሜዳው ላይ ስትሆን ደግሞ ነድተህ በወጣህ ቁጥር የጎማዎቹን ዳዶ በመለኪያ ቁልፍ አጥብቅ፤ ሙቀት ያላላቸዋል። የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳታበዛ ቀስ ብለህ ንዳ፣ መኪናውን ስታቆም በማርሽ ያዘው እንጂ የእጅ ፍሬን አትሳብ፤ የጋለው ሸራ ዲስኩ ላይ ተጣብቆ እንዲቀር አትፈልግም።