የእሱ ፍቅር፣ የእኔ ደመወዝ

ጥያቄ፦ ትዳር ከመሠረትን 9 ዓመታችን ነው። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ የሂሳብ ሠራተኛ ነበር። ከ8 ወር በፊት «የማልወደውን እየሠራሁ አላረጅም» ብሎ ለቀቀ። ከብሎካችን ጀርባ የቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ እንጨት መጥረብ ጀመረ። እስካሁን የሸጠው ሦስት ረከቦትና አንድ በርጩማ ነው። እኔ ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ታክሲ እሰለፋለሁ። የቤቱ የባንክ ዕዳ፣ የልጃችን ትምህርት ቤት፣ እድሩ፣ ሁሉም በእኔ ደመወዝ ነው። ስናገር «አንቺ ገንዘብ ብቻ ነው የሚታይሽ» ይለኛል። ባለፈው ልጁን ከትምህርት ቤት ማምጣቱን ረስቶ ያመጣችልኝ ጎረቤት ናት። ክፉ ሰው አይደለም። ግን እውነት ሁሉም ሰው የሚወደውን ብቻ ሠርቶ መኖር ይችላል? ወይስ ህልሙን የማጨልምበት እኔ ነኝ? (እኔም እኮ ጥልፍ እወድ ነበር። መወጠሪያው አልጋ ሥር ነው።)

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ ዓይኔ የቀረው ቅንፍ ውስጥ ያስገባሻት ነገር ላይ ነው። እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ለጠየቅሽው፦ አይችልም። «የምትወደውን ሥራ» የሚለውን ምክር የምንሰማው ከተሳካላቸው ሰዎች ነው። ላልተሳካላቸው ማይክ የሚሰጥ የለም። ደግሞ አንድ ሰው ደመወዙን ትቶ የሚወደውን ሲይዝ፣ ብዙ ጊዜ የወር ወጪውን የሚሸፍንለት ሌላ ሰው አለ። ወላጅ ሊሆን ይችላል፣ ውጭ አገር ያለ ወንድም ሊሆን ይችላል። እናንተ ቤት አንቺ ነሽ። እሺ ብለሽ ነበር ወይ? ደብዳቤሽ «ለቀቀ» ይላል። «ተመካክረን» የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ለእሱም ልናገርለት። የማይወዱት ሥራ ላይ ዓመታት መቀመጥ ሰውን ይጨርሳል፤ ኩርፊያውም ቤት ድረስ ይመጣል። 8 ወር ለእጅ ሥራ አጭር ነው።

በ1997 እ.ኤ.አ. ኤሚ ሬዝኔስኪ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ ሠራተኞችን ሥራችሁን እንዴት ታዩታላችሁ ብለው ጠየቁ። ለአንዳንዱ እንጀራው ነው፣ ለአንዳንዱ የማደጊያ መሰላል፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ጥሪው። የሚገርመው፣ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ 24 የቢሮ ረዳቶች እንኳ ከሞላ ጎደል እኩል ሦስት ቦታ ተከፈሉ። ስለዚህ «ይሄ ሥራ ይወደዳል፣ ያ አይወደድም» ብሎ መቁረጥ ይከብዳል። ሥራን እንደ እንጀራ ብቻ ማየትም ነውር የለበትም። መጋዘን ቆጥራ፣ ፈርማ፣ ልቧን ለቤቷ ይዛ የምትመለስ ሴት ምን ጎደላት?

ካናዳዊው ሮበርት ቫለራንድ ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት ለምንወደው ነገር ያለንን ፍቅር ሁለት ዓይነት አድርጎ ለየው። አንዱ ከቀሪው ሕይወት ጋር ተስማምቶ ይኖራል። ሌላው ሰውየውን ይነዳዋል። ልጁ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ አባት መሮውን ካልጣለ፣ ሁለተኛው እንዳይሆን እሰጋለሁ። በአንድ ቀን ግን አልፈርድም። እኔም የራሴን ልጅ አንዴ ረስቼ አውቃለሁ።

ምን ታድርጊ? ማታ፣ ደክሞሽ አታንሺው። እሑድ ይሁን፣ ቡና ላይ። ስኒው እሱ በጠረበው ረከቦት ላይ ቢደረደር ጥሩ ነው። ደብተር ያዢ። የባንኩ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የታክሲው፣ የእድሩ ይጻፍ። ሂሳብ ሠራተኛ ነበር አይደል? እሱ ይደምረው። በራሱ እጅ የደመረውን «ገንዘብ ብቻ ነው የሚታይሽ» ብሎ ማለፍ አይቀለውም። «እንጨቱን ተው» አትበዪው። «ህልምህን አልጠላሁትም፤ ብቻዬን መሸከሙ ደከመኝ» በዪው።

ከዚያ ከእንጨቱ በወር ስንት እንደሚጠበቅ፣ እስከ መቼም እንደምትታገሺ ተነጋገሩ። ቀን ቁረጡለት። ካልሞላስ? ቢሮ መመለስ ግድ አይደለም። ግብር የሚያሳውቁ ትንንሽ ነጋዴዎች መዝገባቸውን የሚይዝላቸው ይፈልጋሉ። የሁለት የሦስቱን ቢይዝ ጠዋቱ ለሂሳብ፣ ከሰዓቱ ለእንጨት ይሆናል። ልጁን ማምጣት ደግሞ የእሱ ነው። ቆርቆሮ ቤቱ ከቃሊቲ ይልቅ ለትምህርት ቤቱ ይቀርባል።

አሁን ወደ ቅንፏ። የሚያንገበግብሽ ብሩ ብቻ አይመስለኝም። አንቺም የምትወጂው ነገር ነበረሽ፤ ማንም ሳይጠይቅሽ አልጋ ሥር ገባ። እሱ ከሥራ ሲለቅ ቤቱ ተንቀጠቀጠ፣ አንቺ ጥልፉን ስታስቀምጪ ግን ያየ የለም። ሽሮ ሜዳ ወስደሽ ሽጪው አላልኩም። ሥራሽ ይሁንም አላልኩም። መወጠሪያውን አውጪና አቧራውን ጥረጊው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ የአንቺ ይሁን። በዚያ ሰዓት ልጁን ማን እንደሚይዝ፣ እራቱን ማን እንደሚሠራ፣ እሑድ እዚያው ደብተር ላይ አብራችሁ ጻፉት።