እርካብ ስትረግጥ ጥሎህ የሚሄደው ፈረስ

ከገዛሁት ሁለት ሳምንቱ ነው፣ እርካብ ስረግጥ ጥሎኝ ይሄዳል ላልከው፦ ዛሬ አትጋልበው። ኮርቻውን አውርድና ጀርባውን ከትከሻው እስከ ወገቡ በጣቶችህ ጫን ጫን አድርገው። ቆዳው ከተንቀጠቀጠ፣ ወገቡን ዝቅ ካደረገ ወይም ጆሮውን ወደ ኋላ ከለጠፈ አሞት ሊሆን ይችላል። ሕመም በሥልጠና አይድንም፤ የእንስሳት ሐኪም ጥራ።

ጀርባው ደህና ከሆነ፦

1. ዛቡን ይዘህ እርካቡን እርገጥ፣ ግን አትውጣ። ዝም ብሎ ከቆመ ወዲያው እግርህን አውርድና አንገቱን እሸው።
2. ከተራመደ አትምታው። ወደ ቦታው መልሰህ እንደገና ጀምር።
3. ስትወጣ ወዲያው አትንዳው። እስከ 10 ቆጥረህ ውረድ።

ብዙ ሰው 3ኛው ላይ ይሳሳታል። ገና ሳይደላደል ይነዳዋል፤ ፈረሱም እርካብ ሲረገጥ መሄድ ነው ብሎ ይለምዳል። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል።

ጃንሜዳ በጠዋት፣ ኳስ ተጫዋቾቹ ሳይበዙ ጥሩ ነው። አስፋልት ግን ገና ነው። እኔ የመጀመሪያ ፈረሴን በ3ኛው ቀን ስድስት ኪሎ ይዤው ወጣሁ። ከኋላችን አንድ ሚኒባስ ክላክስ ሲያደርግ ደንብሮ አንሸራተተው። ጉልበቱ ተልጦ ሲደማ ያየሁት እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። እስኪረጋልህ እየሳብክ እንጂ ተቀምጠህበት መንገድ አታቋርጥ።