ርካሽ አልጋ ይሻላል ወይስ ሎጅ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥምቀት ሲቃረብ ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ጥያቄ አብዛኛው ስለ አልጋ ነው፤ የት እንደር፣ ስንት እንክፈል፣ የሰሜን ሸዋን ብርድ እንዴት እንቻለው። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ብሏል፣ ነገሩ አልጋ ብቻ ሳይሆን ትዳርም አለበት።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው አዘጋጅ? ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፣ አሁን የምኖረው አዲስ አበባ። ለጥር ከባለቤቴ ጋር ወጣ ብለን አንኮበርን፣ ጣርማ በርን፣ ከተቻለም መንዝ ጓሳን ልናይ አስበናል። እኔ በየደረስንበት ቀለል ያለ ንጹህ አልጋ ይዘን ማደር ነው የምፈልገው፣ እሷ ደግሞ ከወጣን አይቀር ጥሩ ሆቴል ወይ ሎጅ ካልሆነ አልሄድም ትላለች። ብሩ የለንም ማለት አይደለም፣ አለ፣ ግን ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ ያን ሁሉ መክፈል አይዋጥልኝም። ባለፈው ሌላ ከተማ አንድ ትልቅ ሆቴል አድረን ሙቅ ውሃ የለም፣ ሊፍቱ አይሰራም፣ ቁርስ ላይ የቀረበልን እንቁላል ደግሞ በረዶ። ይሄን ስነግራት ቆንቋና ነህ ትለኛለች፣ በእህቶቿ ፊት ሳይቀር። እውነት ቆንቋና ነኝ?
ብርዱን የለመደው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እሱን የሚፈርደው የአልጋው ዋጋ ሳይሆን የተረፈው ብር የት እንደገባ ነው። ከሎጅ የቀነስከውን ጓሳ አንድ ቀን ጨምረህ ለማደር፣ መንገድ ለሚያሳያችሁ የአገሩ ልጅ ለመክፈል፣ ደብረ ሲና ላይ ወርደህ ደህና ጥብስ ለመብላት ካዋልከው ቆንቋና አይደለህም። ብሩ ተመልሶ ባንክ ደብተርህ ላይ ከገባ ግን ይቅርታ፣ ባለቤትህ ልክ ናት፣ እህቶቿም።

አሁን ወደ ሆቴሉ። ውድ ሆቴል ስትገባ የምትከፍለው ለምንድነው? ለሎቢው፣ ለሊፍቱ፣ ለጄኔሬተሩ፣ ለፓርኪንጉ፣ ለስብሰባ አዳራሹ፣ ዩኒፎርም ለብሶ በር ለሚከፍተው ልጅ። ኮከቡም ቢሆን በአመዛኙ የሚቆጥረው እነዚህን ነው፣ ምን ምን አለው፣ ክፍሉ ስንት ካሬ ነው፣ ሪሴፕሽኑ ሌሊት ሰው አለው ወይ። ይሄ ሁሉ ስራ ለሚሰራ፣ እንግዳ ለሚቀበል፣ ሁለት ቀን ከሆቴሉ ለማይወጣ ሰው ዋጋ አለው። አንተ ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጥተህ ማታ አንድ ሰዓት ላይ አቧራ ለብሰህ ነው የምትመለሰው፣ ሎቢው ላይ ስንት ደቂቃ ልትቀመጥበት ነው?

ደግሞ የተለጠፈው ዋጋና የምትከፍለው አንድ አይደለም። ትልልቆቹ ጋ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ አለ፣ በሱ ላይ 15 በመቶ ቫት ይመጣል። እንበል አልጋው 4,000 ብር ነው ተባልክ፣ ሰርቪሱ ሲጨመር 4,400፣ ቫቱ ሲጨመር 5,060 ሆኖ ይወጣል። ስልክ ላይ ስትጠይቅ «ሁሉን ጨምሮ ነው?» በል፣ ቁርስ አለው ወይም በል፣ ለአንድ ሰው ነው ለሁለትም በል፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ሰው ቁርስ ላይ ለብቻው የሚቆጠርበት ቤት አለ።

የኛ አገር ዋናው ጉዳይ ግን ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 ይጀምርና ወደ 3,700 ይጠጋል፣ በታህሳስና በጥር ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። እንዲህ ባለ አገር ትልቅ መስኮትና ሴራሚክ ወለል ያለው ሰፊ ክፍል ማለት ሰፊ ብርድ ማለት ነው። ማሞቂያ ከሌለው (አብዛኛው የለውም፣ ቢኖረውም መብራት ይፈልጋል) ጠባቧ ክፍል፣ ዝቅ ያለ ኮርኒስና ሁለት ከባድ ብርድ ልብስ ይበልጡታል። ብርድ ልብስ የሚሰራበት ከተማ ልጅ ሆነህ ይሄን ለሚስትህ ሳታስረዳት መቅረትህ ነው የገረመኝ።

ሌላው ሰው ነው። ደብረ ሲና ወይ መሀል ሜዳ ግቢ ያለው አልጋ ቤት ስትይዝ ባለቤቷ እዛው ነው የምትኖረው። ማታ ልብስ ቀይረህ ስትወጣ በረንዳው ላይ ቡና ተቀምጧል፣ አንድ በርጩማ ወደ አንተ ይገፋና «የማን ልጅ ነህ?» ይመጣል፣ አያትህ ድረስ ይቆጠራል፣ መጨረሻ ላይ ወይ ዘመድ ወይ የዘመድ ጎረቤት ሆነህ ትገኛለህ። በዚያ መሀል ነገ ጠዋት ወደ ጓሳ የሚሄደው መኪና ስንት ሰዓት ይነሳል፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ የቱ ጋ ጭቃ አለ፣ ሁሉን ትሰማለህ። መንገዱን በተለይ በዚህ ሰዓት ሳይጠይቁ መነሳት ጥሩ አይደለም፣ ደግሞ ሪሴፕሽን ላይ ያለው ልጅ የሌላ ከተማ ሰው ከሆነ የሚነግርህ ጎግል ላይ ያየውን ነው።

ይሄን ሁሉ ብዬ ግን አንኮበር ላይ ከሚስትህ ጎን ነኝ። የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ላይ ሎጅ አለ፣ እዛ የሚከፈለው ለአልጋው ሳይሆን ለቦታው ነው፣ ጠዋት ከደጋው ጫፍ ቆመህ ቆላውን፣ እስከ አፋር ሜዳ ድረስ ቁልቁል ታየዋለህ። አንድ ሌሊት እዛ እደሩ። እሱም ከበዛብህ ምሳና ቡና እዛ ይሁንና አዳራችሁን ታች ከተማው፣ ወይ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተመልሳችሁ ደብረ ብርሃን አድርጉት። ጓሳ ላይ ክርክሩም አይነሳም፣ የማህበረሰቡ ሎጅ ስሙ ሎጅ ይባል እንጂ ቀለል ያለ ቤት ነው፣ ምግባችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ራሳችሁ የምታበስሉበት። ገንዘቡም የሚገባው ጓሳውን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ሲጠብቅ ኖሯል ለሚባለው ለመንዝ ሰው ስለሆነ ያምራል። ጭላዳውን በቅርብ ታያላችሁ፣ እድለኛ ከሆናችሁ ቀይ ቀበሮም። ለባለቤትህ ግን ካልሲ ደርበህ ያዝላት፣ ተራራ ላይ በብርድ የተነሳ ጸብ ቶሎ አይበርድም።

ጥያቄ፦ አስተማሪ ነኝ፣ ለስራ ከወረዳ ወረዳ ስለምዞር ሁሌ ርካሽ አልጋ ነው የምይዘው፣ አበሉም ከዚያ በላይ አያስኬድም። ሁለቴ ትኋን ገጥሞኛል። ብር ከመክፈሌ በፊት ምን ምን ልይ?
መምህሩ፣ ከአለም ከተማ

መልስ፦ መጀመሪያ በቀን ድረስ። መሽቶብህ ሻንጣ ተሸክመህ ስትገባ ባለቤቱ አማራጭ እንደሌለህ ያውቃል። ከዚያ «ስንት ነው?» ከማለትህ በፊት «አልጋውን ልየው» በል፣ ማንም አይቀየምም፣ የሚቀየም ካለ ሂድ።

ገብተህ አንሶላውን ከግርጌ ሳይሆን ከራስጌ ጥግ ግለጠው፣ የፍራሹን ስፌት በጣትህ ከፈት አድርገህ በስልክህ ባትሪ እይ። እንደ እስክሪብቶ ጠብታ ያሉ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ካሉ ትኋን ነው፣ ክፍሉን አትያዝ፣ ጎን ያለውን ክፍልም አትያዝ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ይሄዳል። የራስጌው እንጨት ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ስንጥቅም እይ። ሻንጣህን ደህና ነው ብለህ እስክታምን አልጋ ላይ አታስቀምጥ፣ ወንበር ላይ ይሁን። ቤት ስትመለስ ደግሞ ልብስህን በቀጥታ ወደ ሙቅ ውሃ።

ሙቅ ውሃን በተመለከተ «አለ?» ብለህ ከጠየቅክ ሁሌም አለ። ክፈተውና ቁም። ቦይለሩ ላይ ቀይ መብራት ከሌለ ማብሪያው የት እንዳለ ጠይቅና ከእራት በፊት አስበራው፣ ለመሞቅ ጊዜ ይፈልጋል። ከቧንቧው ይልቅ ግቢው ውስጥ ሮቶ መኖሩን እይ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ የሌለው ባለሻወር ክፍል የውሸት ነው። የጋራ ሻወር ያለበት ርካሽ ቤት ውስጥ ደግሞ ጠዋት አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ ብትል ብዙ ጊዜ ያሞቁልሃል፣ ይሄን ኮከብ ያለው ሆቴል አያደርግልህም።

ድምፅን አትርሳ። ስር ግሮሰሪ ካለ፣ ስፒከሩ ወደ የት እንደዞረ እይ። መናኸሪያ አጠገብ ከሆነ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ረዳቶቹ «አዲስ! አዲስ! አዲስ!» ይላሉ፣ ለተጓዥ ጥሩ ነው፣ ለሚተኛ አይደለም። ሁለተኛ ብርድ ልብስ ሲመሽ ሳይሆን ስትከፍል ጠይቅ፣ ዘበኛው ከተኛ በኋላ የሚከፍትልህ የለም።

አንድ ነገር ግን በቁም ነገር፦ ብርድ ነው ተብሎ የከሰል ምድጃ ክፍል ውስጥ አስገብተህ በር ዘግተህ አትተኛ። ጭስ የለውም፣ ፍም ብቻ ነው ቢሉህም፣ የሚገድለው ጭሱ አይደለም፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ራስህን አሞህ ትተኛለህ፣ በዚያው ትቀራለህ። ባለቤቷ አዝና ብታመጣልህም በረንዳ ላይ ሙቀህ ግባ።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ትንሽ ፔንሲዮን አለኝ። ልጄ ግድግዳውን ጂፕሰም እናርገው፣ በየክፍሉ ትልቅ ቲቪ እናስገባና ዋጋውን እጥፍ እናርገው ይለኛል። እኔ ግን ደንበኞቼ ሹፌሮችና ነጋዴዎች ናቸው፣ ይሸሹኛል ብዬ እፈራለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ እትዬ፣ ልጅዎ ክፋት የለውም፣ ግን ሹፌር ቲቪ ሊያይ አይደለም የሚያድረው። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዚያ ውስጥ ሰውየው ጣርማ በርን አልፎ፣ ያንን የጣሊያን ዋሻ ወጥቶ፣ ጠመዝማዛውን ሲወርድ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዷል፣ ጃኬት ለብሶ ተነስቶ እርስዎ ጋ ላቡን እየጠረገ ነው የሚደርሰው። የሚፈልገው ቀዝቃዛ ሻወር፣ የሚሰራ ቬንትሌተርና ያልተቀደደ አጎበር ነው፣ ሸዋ ሮቢት ወባ አለ። ለጂፕሰሙ የታሰበውን ብር መስኮቶቹ ላይ ወንፊት ለማስገጠም፣ ሁለተኛ ሮቶ ለመትከልና አንሶላዎቹን ለመቀየር ያውሉት። ነጭ አንሶላ ይግዙ፣ ቆሻሻ ስለማይደብቅ ገና ሲያዩት ይታመናል። መኪናው የሚያድርበት ግቢ በር ካለውና ዘበኛ ካለዎት ደግሞ ይሄን በራፍዎ ላይ በትልቁ ያስጽፉት፣ ለጭነት ሹፌር ከቲቪ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ዋጋ ይጨምሩ፣ ግን ትንሽ፣ ደንበኛውም ምን እንደተጨመረለት እያየ።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ጻድቃኔ ማርያም ለጠበል መሄድ እፈልጋለሁ። ርካሽ ቦታ ለሴት ልጅ አያስፈራም?

መልስ፦ እህቴ፣ ርካሽ ሁሉ አያስፈራም፣ ውድ ሁሉም አያስተማምንም፣ ግን ባንቺ ቦታ ብሆን ቁጠባውን እዚህ ላይ አላጠብቀውም። ከሻወርና ከቲቪ ቀንሺ፣ ከበሩ አትቀንሺ። ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ይኑረው፣ ቁልፍ ብቻ አይበቃም ምክንያቱም ሌላ ቁልፍ ሌላ ሰው ጋ አለ። ባለቤቷ ሴት ሆና ቤተሰቧ እዛው የሚኖርበትን፣ መጠጥ የማይሸጥበትን ምረጪ፣ ጠበልተኛ በሚበዛበት ቦታ እንደዚህ ያለ ቤት አይጠፋም፣ ሌሎች እናቶች ያረፉበትን ብትጠይቂ ይነግሩሻል። ሽንት ቤቱ የጋራ ከሆነ ሌሊት እስከዚያ ያለው መንገድ መብራት አለው ወይ ብለሽ እይ። ለበዓል ከሆነ ከዋዜማው ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለሽ ግቢ፣ ዘግይተሽ ከደረስሽ የሚተርፍልሽ ማንም ያልፈለገው ክፍል ነው፣ ያውም በእጥፍ ዋጋ። የቤቱን ስምና የባለቤቷን ስልክ ደግሞ ገና ክፍሉን እንደያዝሽ ለቤተሰብ ላኪ፣ ኔትወርክ ማታ ላይ ሊጠፋ ይችላል።